ስድስት የውሰት ላሞች

ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ፣ እትዬ ስድስት የሰው ላሞች እየነዳች ወደ ወንድሟ ማደሪያ የሚያወጣውን ዳገት ተያያዘችው። ከሃምሳ ዓመት በላይ በዚህ ተራራ ላይ ኖራለች፤ ከብት ሳትነዳ ያለፈችበት ሳምንት ትዝ አይላትም። የሰው ከብት ነድታ «የራሴ ናቸው» ብላ ልትፈርም ስትወጣ ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ስለዚህ እንደ ወትሮዋ አላፏጨችም፤ ላሞቹንም በስማቸው አልጠራችም። ሌባ የሰረቀውን በስሙ ሲጠራ የታየው የት ነው?

«እትዬ» የሚለውን መጠሪያ ያወጣላት ታናሽ ወንድሟ ነው። ታላቅ እህቱ ስለሆነች እንዲያ እያላት አደገ፤ ሲያገባ ሚስቱ ተቀበለችው፤ ማደሪያውን ሲከፍት አስተናጋጆቹ ወረሱት። ዛሬ ሁለት ሌሊት ብቻ የሚያድር እንግዳ እንኳ የጎረሰውን ሳይውጥ «እትዬ፣ ጨው!» ይላታል። እሷም ጨው ታቀርባለች፤ ከጨው በስተቀር ምንም አታቀርብለትም።

ማደሪያው ከሩቅ ሲያዩት የጥንት የገበሬ ቤት ይመስላል። እንዲመስል ብዙ ተደክሞበታል። ወንድሟ በአሥራ አምስት ዓመቱ ከተማ ወርዶ፣ ከሻንጣ ተሸካሚነት እስከ እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ድረስ በአንድ ትልቅ ሆቴል ሃያ ዓመት አገልግሎ ሲመለስ፣ አባታቸው በደህና ጊዜ ያስገቡትን የብረት መስኮት አስነቅሎ የእንጨት አስገባ፤ እናታቸው በየዓመቱ በኖራ የሚያነጡትን ግድግዳ ጥላሸት አስቀባ። ሁለት ሰዎች ከድህነት ለማውጣት ሠላሳ ዓመት የለፉበትን ቤት በሁለት ወር ውስጥ ወደ ድህነቱ መለሰው፤ ከዚያም ዋጋ አወጣለት። በመመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ያሉት «የመቶ ዓመት» ጠረጴዛዎች ከእንጨት ሥራ ቤቱ ከመጡ ገና ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። በሰንሰለት ተደብድበዋል፤ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ጠጥተዋል፤ ብል የበላቸው እንዲመስሉም በቀጭን መሰርሰሪያ ተወግተዋል። እትዬ ይህን ሁሉ ቆማ አይታለች። እንግዶች ጣታቸውን በቀዳዳዎቹ ላይ እያሳለፉ «ታሪክ እኮ ነው!» ሲሉ በመጀመሪያው ዓመት ሳቋን ለማፈን ወደ ጓዳ ትሮጥ ነበር። አሁን ሳቁም ቀርቶ ዝም ብላ ታያቸዋለች።

የአባታቸው ላሞች የተሸጡት ጠረጴዛዎቹ በመጡበት ዓመት ነው። ጋጣው አራት መኝታ ክፍል ሆነ፤ ግርግሙም ከአልጋ ራስጌ ቀረ። እነዚህ «የጋጣ ክፍሎች» ከሁሉም ይወደዳሉ። ላም ትተኛበት በነበረው ቦታ ለመተኛት ሰው ሦስት ወር ቀድሞ ይመዘገባል። ቅቤው በየሐሙሱ በካርቶን ታሽጎ በጭነት መኪና ከከተማ ይመጣል። የወንድሟ ሚስት (ከመጣች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እትዬ ግን እስካሁን «ሙሽራዋ» ነው የምትላት) ወረቀቱን ልጣ፣ በተቀረጸ የእንጨት ማተሚያ ተጭና፣ ቅጠል ላይ አድርጋ ታቀርበዋለች። እንግዳው ዓይኑን ይጨፍናል። «ይሄ እኮ በከተማ አይገኝም!» ይላል፣ ከከተማ የመጣለትን እያላመጠ።

ንቀት የእትዬ ሀብት ነበር። ሌላው የአባቷ ውርስ ሁሉ በወንድሟ እጅ ሲገባ፣ እሷ ይህን ብቻ አረስርሳ፣ አርማ፣ ኮትኩታ አሳደገች። ከዚህ ሌላ የቀራት ዳልቻ የምትባል አንዲት ላምና ከቤቱ በስተሰሜን ያለው የወተት ቤት ነው።

ስለ ወተት ቤቱ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ነገሩ ሁሉ የተነሣው በእሱ ነውና። ስፋቱ አምስት እርምጃ በአራት ነው። ወለሉ ወደ አንድ ጥግ ያዘነበለ ጥርብ ድንጋይ ነው። ከላይ የሚወርደው ምንጭ በአንደኛው ግድግዳ ሥር ገብቶ፣ በጠባብ ቦይ ቤቱን አቋርጦ በሌላው ይወጣል፤ የወተት ዕቃዎቹ እስከ አንገታቸው በቦዩ ውስጥ ይቆማሉ፤ በጋም ሆነ ክረምት ወተቱ እንደ ቀዘቀዘ ይውላል። ከመደርደሪያው ላይ ማጥለያ ጨርቅ፣ መናጫ፣ አይብ መጫኛ ድንጋይ አለ። ሌላ ነገር የለም። እንግዳ አይገባበትም። እትዬ በቀን ሁለት ጊዜ በሩን ከኋላዋ ዘግታ እዚያ ስትሠራ፣ ከዓለም ሁሉ የማትንቀው ቦታ ያ ብቻ እንደሆነ ይሰማታል።

እና ከሦስት ቀን በፊት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ወንድሟ ጎንበስ ብሎ በዚያ በር ገባ።

«እትዬ፣ ማክሰኞ ተቆጣጣሪ ይመጣል።»

«ይምጣ። መንገዱ የሁሉም ነው።»

«ስድስት የምትታለብ ላም ማየት አለበት።»

«ታዲያ ከጋጣ ክፍሎቹ የተኙትን ቀስቅሰህ አሰልፍለታ።»

«ቀልዱን ተይው፣ እባክሽ!» አለና ከመናጫው አጠገብ ቁጢጥ አለ። ከዚያ አስረዳት። በበሩ ላይ የተሰቀለው «እውነተኛ የገበሬ ማደሪያ» የሚለው ምልክት የሚሰጠው ቢያንስ ስድስት ላም ለሚያልብ፣ ከራሱ ወተት ለሚያበላ ቤት ነው። በየአራት ዓመቱ ይታደሳል፤ ለእነሱ የተሰጠው የአባታቸው ላሞች ገና ሳይሸጡ ነው። ማሳደሻው ቅጽ ላይ ባለቤቱ ብቻ ሳይሆን በገዛ እጁ የሚያልበው ሰው መፈረም አለበት። ባለቤቶች ሲዋሹ ስለተገኙ የወጣ ደንብ ነው።

«አንተ ፈርም። አላቢ ነኝ በል።»

«እጅ ያያሉ፣ እትዬ።» መዳፉን ዘረጋላት፤ እንደ ቄጠማ ለስላሳ ነበር። «አገላብጠው ነው የሚያዩት። ያንቺን ካዩ አንድ ጥያቄ አይጠይቁም።»

«ላሞቹስ?»

«የታችኛዋ እመት አሥራ አንድ አሏት። እኔን ብታይ ውሻ ነው የምትለቅብኝ። ላንቺ ግን እምቢ አትልም።»

እትዬ ማጥለያውን ጨመቀችው። ወንድሟ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የመጣበትን ተናገረ። ምልክቱ ከታደሰ የወተት ቤቱ የእሷ ነው፤ ዕድሜ ልኳን ማንም አይነካባትም፤ ዳልቻንም። ካልታደሰ ግን ማደሪያው ተራ ሆቴል ሆኖ ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ተራ ሆቴል ደግሞ የሙቅ ውኃ መታጠቢያ ከሌለው ማን ይመጣለታል? ምንጩ የሚያልፈው በዚህ ቤት ነው። ቧንቧ ሠሪውን አነጋግሯል።

«ክፋት አይደለም፣ እትዬ። ሥራ ነው።»

«ክፋትማ ብታውቅበት ደስ ባለኝ» አለችው። «ክፋትም እኮ ሙያ ይፈልጋል።»

ያም ሆኖ ሰኞ ወደ ታችኛዋ እመት ቤት ወረደች። እመት ሰባ ዓመት ያለፋቸው ባልቴት ናቸው፤ አሥራ አንዱን ላሞች ብቻቸውን ያልባሉ፤ አፋቸው እንደ እጃቸው አያርፍም።

«ላሞቼን ለምን ፈለግሻቸው? ሊዳሩ ነው እንዴ?»

«ለመታየት ነው፣ እመቴ። ተቆጣጣሪ ይመጣል።»

«ኦሆ!» እመት እስኪያስላቸው ሳቁ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ያ ወንድምሽ ተረቱን ሆቴል አደረገው በይኛ! እሱ ቢጠይቀኝ ጭራቸውንም አላሳየው። ያንቺ ነገር ሆነብኝ እንጂ።» ከዚያ ሳቁን አቆሙ። «አንድ ነገር ግን ስሚኝ፣ ልጄ። አሥር ሰዓት ላይ ማለቢያዬን ይዤ በሬ ላይ ነኝ። ከዚያ በፊት ይመለሱ። እንዳያስደነግጡብኝ ደግሞ። በተለይ ቀይት ከደነገጠች ወተቷን ትይዛለች፤ ሦስት ቀን አትለቅም።»

«በኔ ይሁንብዎ።»

«እሺ፣ ባንቺ ነው።»

እንዲህ ሆኖ ነው እትዬ ማክሰኞ ቀትር ላይ ስድስቱን ላሞች ነድታ ከወንድሟ ደጅ የደረሰችው። ሙሽራዋ በደጁ ቆማ ትጠብቃት ነበር፤ ክንዷ ላይ ስድስት የወረቀት አበባ ጉንጉን ደርድራለች።

«ይሄ ለማነው?» አለች እትዬ።

«ለላሞቹ ነዋ! ቀንዳቸው ላይ ሲሆን ያምራል። በሥዕል አይቼዋለሁ።»

«በሥዕል ያለችው ላም አትታለብም።»

«ውይ እትዬ፣ ደግሞ አንቺ! ለሁለት ሰዓት እኮ ነው።»

ለሁለት ሰዓት ነው። እትዬም ይህንኑ ለራሷ አለች። ቀይት ራሷን ስትነቀንቅ አንገቷን ይዛ፣ ጆሮዋን እያሻሸች፣ ጉንጉኑ እስኪታሠር አረጋጋቻት። ከዚያ ስድስቱንም ከቤቱ በላይ ወዳለው ሣር አስገባቻቸው። አጥሩ ወንድሟ ለፎቶግራፍ ያሠራው ነው፤ ግንዱ ሁሉ ተሰንጥቆ በእንጨት ችካል የተያያዘ፣ ምንም ነገር አግዶ የማያውቅ።

ተቆጣጣሪው ሰባት ሰዓት ይመጣል ተብሎ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። አጭር፣ ክብ ሰው ነው፤ በብብቱ የቆዳ ቦርሳ ይዟል፤ ጫማው በጣም ንጹሕ ነው፤ የመጣውም ላም ሊቆጥር ነበር። እትዬ በጓዳው መስኮት አይታ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» አለች ለራሷ።

ልባም ሰው ቢሆን ኖሮ ወንድሟ እንግዳውን በቀጥታ ወደ ሣሩ ወስዶ፣ ስድስቱን አስቆጥሮ፣ አስፈርሞ፣ በዘጠኝ ሰዓት በሸኘው ነበር። ነገር ግን ሃያ ዓመት በሆቴል የኖረ ሰው እንግዳ ሲያይ ራሱን አይገዛም። «አይሆንም፣ አይሆንም፣ መጀመሪያ አፍዎን ያሟሹ!» ብሎ ሰገነቱ ላይ፣ ከሌሎች ሃያ ያህል እንግዶች መካከል፣ ከሁሉም የሚያምረውን ቦታ ሰጠው። ሾርባ ቀረበ። ጥቁር ዳቦ ከፍም ላይ አሁን የወጣ በሚመስል መልኩ ቀረበ፤ ከታች ዳቦ ቤት መጥቶ ነው ምድጃ ላይ የተለበለበው። በጭስ የደረቀ ሥጋ ቀረበ። በእያንዳንዱ ሳህን ፊት ወንድሟ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ የሳህኑን የትውልድ ሐረግ ይቆጥራል። ተቆጣጣሪው የሐሙሱን የካርቶን ቅቤ በቢላው ጫፍ አንሥቶ ቀመሰ፤ ራሱን ነቀነቀ።

«እጅ ያለበት ቅቤ ነው» አለ።

እትዬ በሳህን አድርጋ የራሷን አይብ እያቀረበች ነበር። በዚያ ገበታ ላይ ከዚያው ቤት የወጣው እሱ ብቻ ነው። ተቆጣጣሪው በሹካው ነካ ነካ አደረገውና ገፋው፤ «ይሄኛው ትንሽ ሽታ አለው» አለ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እትዬ ወንድሟን በክንዱ ይዛ ከበሩ ጀርባ ሳበችው።

«አሁን ላሞቹን ይይና ይብቃ።»

«ገና ሥጋው ላይ ነው፣ እትዬ! የማር ኬኩ አልቀረበም።»

«ላሞቹ አሥር ሰዓት ላይ ይሄዳሉ።»

«ማን ይወስዳቸዋል?»

«ራሳቸው።»

ወንድሟ ከልቡ ሳቀ። «ሰዓት አሥረሽላቸዋል እንዴ?» ብሎ ትከሻዋን መታ መታ አደረገና ወደ እንግዳው ተመለሰ።

እትዬ እዚያው ቆመች። ይህ ሰው በከብት መካከል ተወልዶ በከብት ትንፋሽ ሞቆ ያደገ ነው። ሰባት ዓመት ሲሆነው፣ የምትታለብ ላም ግቷ ሲሞላ ወደምትታለብበት ደጅ እንደምትሄድ፣ ማንም ሳይነዳት፣ ዝናብም ሆነ ጭጋግ እንደማያስቀራት ያውቅ ነበር፤ በረት ሳይዘጋ ቀርቶ አባታቸው የገረፉት በዚሁ ምክንያት ነው። አሁን ጠፍቶበታል። ስለ ላም ለእንግዳ አንድ ሰዓት ሙሉ መናገር ይችላል፤ ላም ምን እንደምታደርግ ግን አያውቅም። ሁለተኛ ብትነግረው ምናልባት ይሰማት ነበር። ሁለተኛ አልነገረችውም። ለማየት ፈለገች። የንቀት ክፉ ባሕርዩ ይህ ነው፤ የናቁትን ሰው ሲወድቅ ለማየት ሲሉ አብረው ከአፋፉ ይቆማሉ።

ለአሥር ሩብ ሲቀረው ቀይት ራሷን ከሣሩ ቀና አደረገች። ጆሮዋን ወደ ታች ጣል አድርጋ አዳመጠች፤ ቃጭሏ አንድ ጊዜ ጮኸ። ሌሎቹ አምስቱም ማመንዠካቸውን አቆሙ። ከዚያ ቀይት ወደ አጥሩ ሄዳ በደረቷ ገፋ አደረገችው። የፎቶግራፍ አጥር ነውና ያለ ብዙ ክርክር ተኛ።

ወደ ታች የሚወስደው አጭሩ መንገድ በሰገነቱ ላይ ያልፋል። ላሞቹ በአጭሩ መንገድ ሄዱ። አንድ በአንድ፣ እንደ ሽማግሌዎች፣ ቀኝ ግራ ሳይሉ፣ በጠረጴዛዎቹ መካከል ገቡ። ወንበር ተገለበጠ። አንዷ እንግዳ ሾርባዋን አቅፋ ግድግዳ ላይ ተለጠፈች። ከሁለተኛዋ ላም ቀንድ የወረቀት ጉንጉን ወልቆ ከማር ኬኩ ላይ አረፈ። ቀይት አንድ ጊዜ ቆማ የአንድ ሰውዬ ዳቦ አነሣች፤ ሰውየውም «ይቅርታ» አላት። ከዚያ አንዱ አጨበጨበ፤ ሌላውም ተከተለ፤ ሃያው እንግዳ በሙሉ ተነሥቶ ያጨበጭብ ጀመር፤ ስልኩ ሁሉ ተመዘዘ፤ የካሜራ ብልጭታ በላሞቹ ዓይን ላይ ዘነበ። ቀይት ደነገጠች፤ ጉንጉኑ ከቀንዷ ወደ አንገቷ ወርዶ እንደ ተንጠለጠለ በደረጃው ዘልላ ወረደች፤ አምስቱም ተከተሏት።

«በየቀኑ ነው እንዴ?» ስትል አንዲት እንግዳ እንባዋን እየጠረገች ጠየቀች።

እትዬ ወንድሟን ተመለከተች። አሁን ይወድቃል ብላ ጠብቃ ነበር። ወንድሟ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «በየቀኑ!» አለ። «ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ፣ አሥር ሰዓት ላይ!»

ተቆጣጣሪው ብቻ አላጨበጨበም። ፎጣው አገጩ ሥር እንደ ተወተፈ ብድግ ብሎ ነበር።

«ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«ወደ ውኃ ነው» አለ ወንድሟ።

የውኃው ገንዳ ከቤቱ በላይ ነው፤ ከሰገነቱ ይታያል። ላሞቹ ወደ ታች እየወረዱ ነው። ተቆጣጣሪው ወደ ላይ ገንዳውን አየ፤ ወደ ታች ላሞቹን አየ፤ በመጨረሻ ወደ ጠረጴዛው አየ፤ በዚያ አዲስ የማር ኬክ እየቀረበ ነበር። ተቀመጠ።

«እንግዲህ እንስሳ ናቸው» አለ። «ስድስት ቆጥሬአለሁ። ከኋላ ነው የቆጠርኳቸው፤ ግን ከኋላም ላም ላም ናት። ወዴት እንደሚሄዱ የሚጠይቅ ቦታ ቅጹ ላይ የለም።»

እትዬ በዚያች ቅጽበት ንቀቷ ዳርቻ እንዳልነበረው ተረዳች። ወንድሟን ስትንቅ ውሸቱ አንድ ቀን ከግድግዳ ይጋጫል ብላ ታስብ ነበር። ግድግዳው ይኸው ተቀምጦ ኬክ ይበላል።

ተቆጣጣሪው አፉን ጠርጎ ቅጹን ከቦርሳው አወጣ። «አላቢዋ እርስዎ ነዎት?» ብሎ እጇን ተቀበላት። አገላበጠው፤ ያበጠውን አንጓ፣ የጠነከረውን የአውራ ጣት ሥር በጣቱ ዳሰሰ። «ይሄ እጅ አይዋሽም» አለ በደስታ። «እዚህ ጋ ቁጥሩን ይሙሉና ከሥሩ ይፈርሙልኝ።» መስመሩ «በዚህ ቤት በየቀኑ ______ ላሞች አልባለሁ» ይላል።

እትዬ እስክሪብቶውን ያዘች። ስድስት ልትጽፍ ነበር፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። የድንጋዩን ወለል አሰበች፤ የቦዩን ድምፅ አሰበች፤ አንድ ቃል ጽፎ ዕድሜ ልክን በሰላም መኖር ውድ ዋጋ አይደለም አለች። እጇ ወረቀቱ ላይ ሳለ ወንድሟ ከጀርባዋ ጎንበስ ብሎ፣ በደስታ እየተንቀጠቀጠ፣ በጆሮዋ አንሾካሸከ፦

«እትዬ፣ አየሻቸው? አየሽ እንዴት እንዳጨበጨቡ? ላሞቹን በየቀኑ እንዋሳቸዋለን! አንቺ ትነጃቸዋለሽ፤ ሚስቴ ጥሩ የጥንት ቀሚስ ታሰፋልሻለች። የወተት ቤቱንም በሩን አንሥቼ መስታወት አስገባለታለሁ፤ ስትንጪ ከውጭ ያዩሻል። ወንበር እንደረድራለን።»

እትዬ ቀና ብላ አየችው። ክፋት አልነበረበትም። ስጦታ የሰጣት መስሎት ፊቱ በርቶ ነበር።

ወደ ወረቀቱ ተመልሳ በባዶው ቦታ ላይ «አንድ» ብላ ጻፈች። ላሞች የሚለውን ቃል ሰርዛ ላም አደረገችው። ከሥሩም ፈረመች።

ተቆጣጣሪው ወረቀቱን አንሥቶ ራቅ አድርጎ፣ ከዚያ ቀረብ አድርጎ አነበበው።

«አንድ?»

«አንድ። ዳልቻ ትባላለች፤ ከወተት ቤቱ ጀርባ ታሥራለች። የሄዱት የታችኛዋ እመት ላሞች ናቸው። ወደ ቤታቸው ነው የሄዱት። ቅቤው በየሐሙሱ ከከተማ ይመጣል።»

«ስለ ቅቤ እዚህ አልተጠየቀም» አለ ተቆጣጣሪው ቅር ብሎት። የተበደለ ሰው ይመስል ነበር። ኬኩን በእጁ ጨረሰ፤ ቅጹን አጠፈ። «እንግዲህ እኔ ምን ላድርግ? ምልክቱ ይወርዳል። እጅዎንም እንዲያ አምኜው ነበር።»

ወንድሟ ተቆጣጣሪውን እስከ መኪናው ሸኝቶ ሲመለስ ከንፈሩ ነጥቶ ነበር። እንግዶቹ እንዳይሰሙ ድምፁን አላነሣም።

«ምቀኛ ነሽ፣ እትዬ። ከልጅነቴ ጀምሮ ምቀኛዬ ነሽ። ነገ ቧንቧ ሠሪው ይመጣል።»

«ይምጣ።»

«ዳልቻንም ውሰጃት። የትም ውሰጃት።»

«ነገሩ ካልቀረ ጉንጉኑን ከኬክህ ላይ አንሣ» አለችውና ወደ ወተት ቤቱ ሄደች። ከዚያ ቤት ማለቢያውንና ማጥለያ ጨርቁን ብቻ ያዘች። ሌላው የምትሳሳለት ሁሉ ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ደግሞ አይሸከሙትም። ዳልቻን ፈትታ ላሞቹ በወረዱበት መንገድ ወረደች። በመንገዱ ላይ ተረግጠው የተጨማለቁ የወረቀት አበባዎች ተበትነው ነበር፤ አንዱንም አላነሣችም። ለራሷ በኩራት ትናገር ነበር፦ እውነት ተናገርኩ፤ በሰው ሁሉ ፊት ተናገርኩ። ዳገቱን ስትወጣ ያላፏጨች ሴት ቁልቁለቱን ስትወርድ ልታፏጭ ምንም አልቀራት።

እመት በጋጣቸው ውስጥ ከቀይት ጎን ተቀምጠው ነበር። ግንባራቸውን ሆዷ ላይ አስደግፈዋል። ከሥራቸው ያለው ማለቢያ ገና ታቹ ብቻ ነው የራሰው። ቀይት ጎኗ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኗ ነጩ ይታያል፤ አንገቷ ላይ የወረቀቱ ጉንጉን ክር ብቻ ቀርቷል። እመት ሳይዞሩ ተናገሩ።

«ስትደነግጥ ትይዛለች ብዬሽ ነበር።»

«ብለውኛል፣ እመቴ።»

«በኔ ይሁንብዎ ብለሽኝ ነበር።»

«ብያለሁ።» እትዬ አንድ እርምጃ ገባች። «ግን አልዋሸሁም። ቅጹ ላይ አንድ ብዬ ነው የጻፍኩት። የእርስዎ ላሞች ናቸው ብዬ በሰው ሁሉ ፊት ተናገርኩ። ምልክቱ ወረደ፤ የወተት ቤቱንም አጣሁት።»

የእመት እጅ አንድ አፍታ ቆመ።

«ከኔ ደጅ ስትወስጃቸው ስንት ልትጽፊ ነበር?»

እትዬ ማለቢያዋን ወደ ደረቷ ሳበች።

«ስድስት» አለች።

እመት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንደሚያውቁት ነገር። ወደ ማለባቸው ተመለሱ። ጡቱን ይስባሉ፤ ምንም አይወርድም፤ እንደገና ይስባሉ። ሌሎቹ ላሞች በየቦታቸው ቆመው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ ግታቸው ተወጥሯል። ከጋጣው መጨረሻ፣ ከግድግዳው አጠገብ፣ አንዲት ላም የምታስቆም ባዶ ቦታ አለች፤ ሣር ተነጥፎባታል። ዳልቻ የፊት እግሮቿን ከደፉ ውስጥ አግብታ፣ የኋላዎቹን ውጭ ትታ፣ ቆመች።

«እመቴ» አለች እትዬ፤ ማለቢያዋን በሁለት እጇ ይዛዋለች። «ዳልቻን ከዚያ ጥግ ያስገቡልኝ። እኔም ከእርስዎ ጋር አልባለሁ። ጠዋትም ማታም እመጣለሁ። እመቴ፣ ያስገቡን።»

እመት ግንባራቸውን ከቀይት ሆድ ሳያነሡ ጡቱን ለቀቁና ሌላውን ያዙ።